ቀልብ ሲለካ

እንቅልፍ እምቢ ካለው ቆይቷል። መጋረጃው ጥቁር ነው፤ ቀኑን ሌሊት ለማስመሰል እሱና አጅሬ ተጋግዘው የሰቀሉት ነው፤ ግን ቀን ምን ቢሸፍኑት ቀን ነው፣ በጠርዝ ይገባል፣ በቀዳዳ ይገባል፣ ከታች በሚያልፈው መኪና ጡሩምባ ታጅቦ ይገባል፤ ጭምቱም ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ሲያጥፍ አድሮ በቀትር አልጋው ላይ ተጋድሟል፣ ዐይኑን ጨፍኖ የእናቱን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ያነሣል፣ ይጥላል። ባለፈው ስትደውል "ትናንት ምን በላህ?" አለችው። ምን አለበት፣ እናት አይደለች፣ ትጠይቅ። "ማን ሠራልህ?" አለች ቀጥላ። ራሴ። "ስትጨርስ እሳቱን አጠፋህ?" አጥፍቻለሁ። ከዚያ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚሻገር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የእህትህ ልጅ፣ ትንሿ፣ ስሟ ማን ነበር? ጠፋብኝ እኮ" አለች። ጠፋብኝ? ለዚያች ልጅ ስም ያወጣችው እሷ ራሷ ናት፤ ቤተሰቡ ያቀረበውን ሁሉ አልወደውም ብላ ጥላ፣ የራሷን ያጸደቀች። ያን ጊዜ ልብ አላለም። ስሙን ነገራት፣ እሷም "ጎሽ" አለችው። ጎሽ። ለጎልማሳ ልጇ፣ የእህቱን ልጅ ስም ስላወቀ፣ ጎሽ። የገባው አሁን ነው፣ ጣሪያው ላይ አፍጥጦ። እናቱ እየፈተነችው ነበር።

ሰው በገዛ እናቱ ይፈተናል? አንድ ሰው ጆሮዋ ላይ "ልጅሽ ቀልቡ ተበትኗል" የሚል ቃል ካስቀመጠ ይፈተናል። ይህን ሊላት የሚችል ደግሞ ከዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ያም ሰው ከዚህ አልጋ ማዶ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት ቦታ፣ አልጋ አለው። አልጋው ተነጥፏል። ሸሚዞቹ ተተኩሰው ተሰቅለዋል፣ ምክንያቱም አጅሬ አሁን የቀን ሠራተኛ ነው፣ የፈረቃ አለቃ ነው፣ ሸሚዝ ይለብሳል።

አጅሬ መጠሪያ ስሙ አይደለም፣ ጭምቱም የዚህኛው ስም አይደለም። ሁለቱ ያደጉት በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ነው፤ በዚህ በኩል የጭምቱ እናት ስታስነጥስ በዚያ በኩል የአጅሬ እናት "ይማርሽ" ትል ነበር። ኳስ ሲጫወቱ የሰው መስኮት ከተሰበረ አንዱ እዚያው ተገትሮ ቁጣውን ይጠብቃል፤ ሌላው ዞሮ በሌላ በኩል ይመጣና "ማነው የሰበረው?" ብሎ ከባለቤቱ ጋር ይናደዳል። ተገትሮ የሚጠብቀውን ሰፈሩ ጭምቱ አለው፣ ዞሮ የሚመጣውን አጅሬ። አጅሬ ቀድሞ ተሰደደ፣ መንገዱን አቀና፣ ጭምቱን ሳበው፣ አልጋ ሰጠው፣ ፋብሪካው ውስጥ አስገባው። ይህን ማንም አይክድም፣ እንዲህ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው፤ የማያውቁት ሰው ሲበድል አቧራን አራግፈው ይነሣሉ፣ ያመኑት ፈረስ በደንደስ ሲጥል ግን ሰው ከመሬት መነሣቱንም ይረሳዋል።

ፋብሪካው የመርፌ መድኃኒት በትንንሽ ጠርሙስ ይሞላል። ጭምቱ መብራቱ ጋ ነበር የሚሠራው፣ ነበር፤ መብራቱ ማለት እንዲህ ነው፤ ከፊትህ አምፖል አለ፣ ከአምፖሉ ኋላ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ የሆነ ሰሌዳ ቆሟል፤ ጠርሙሱን ታነሣለህ፣ አረፋ እንዳይሠራ ቀስ ብለህ ትገለብጣለህ፣ መጀመሪያ በጥቁሩ ፊት ታየዋለህ፣ ከዚያ በነጩ። ለምን በሁለቱም? ነጭ ብናኝ በነጭ ላይ አይታይማ፤ ጥቁሩ ነው የሚያጋልጠው። ጥቁር ጉድፍ ደግሞ ጥቁር ፊት ይደበቃል፣ ነጩ ላይ ሲደርስ ግን መግቢያ ያጣል። ጭምቱ ይህን ሥራ ይወደው ነበር፤ ወንበር አለው፣ ጸጥታ አለው፣ የሰው አገር ቋንቋ አይጠይቅም፣ ደግሞም ጠርሙሱ የማያውቀው ሰው ደም ውስጥ የሚገባ ነው፣ አንዳንዴም ዐይን የሚያክሙበት ይሆናል እያለ ያስባል። እናቱ ዐይኗን ታምማለች። እጁ ጠርሙሱን ይገለብጣል፣ እሱ ግን እናቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ሰውን በድምፁ ስትለይ ያያል፣ ከዚያ ይመለሳል፣ መሄዱን እንኳ አያውቀውም።

አንድ ሰሞን አሰልጣኝ መጣች። ለስላሳ ድምፅ ያላት፣ ጫማዋ ኮሽ የማይል ሴት። ቀልብን መሰብሰብ ታስተምራለች አሉ፤ ሠራተኛው ከሥራ በፊት ዐይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሊያዳምጥ፣ እጁ ያለበት ቦታ ልቡም እንዲኖር ሊለማመድ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ መጠይቅ አደለች። ከስልጠናው በፊት ይሞላል፣ ከስልጠናው በኋላም ያው ወረቀት ይሞላል፣ ልዩነቱ ይታያል። "እጄ ሲሠራ ልቤ አብሮት ነው።" "ሰው ሲያናግረኝ ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ።" "ስናደድ መናደዴን ያኔውኑ አውቃለሁ።" ከየመስመሩ ፊት ሳጥኖች ተደርድረዋል፣ ከ"በጭራሽ" ተነሥተው "ሁልጊዜ" ይደርሳሉ። ስም አይጻፍም፣ የደረት ካርድ ቁጥር ብቻ። ባዶ መተው ግን ክልክል ነው፤ "ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም፣ ሳጥን ብቻ አትዝለሉ" አለች አሰልጣኟ። ጭምቱ ብዕሩን ይዞ ወደ አጅሬ ዞረ።

"ምን ልበል?"

"ይሄ እኮ ሰላምታ ነው" አለ አጅሬ። "ሰው እንዴት አደርክ ሲልህ ወገቤን ቆረጠኝ ትላለህ? ደህና፣ እግዜር ይመስገን ነው የምትለው። ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ እያልክ ውረድ።"

"ውሸት አይሆንም?"

"ደህና ነኝ ማለት ውሸት ከሆነ የኛ ሰፈር ሰው በሙሉ ሲኦል ነው የሚወርደው፣ እናቶቻችን ከፊት።" ጭምቱ ሳቀ። "ደግሞ ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ራስህን ከፍ አድርግ፣ ወንድሜ።"

እውነት መሰለው። እንዴት አይምሰለው? እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ጤናህስ፤ አንድ ሰው በሕይወቱ ለስንት መቶ ሺህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደህና ብሎ ይመልሳል፤ የሚሞት ሰው እንኳ አልጋው ላይ ሆኖ ደህና ነኝ ይላል፣ ጠያቂውም ደህና አለመሆኑን እያየ እሰይ ይላል። ጭምቱ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ እያለ ወረደ። አጅሬ የራሱን ወረቀት እንደ ተማሪ በክንዱ አጥሮ ነበር የሚሞላው። ጭምቱ ይህን አይቷል። አይቶ ልብ አላለም።

ስልጠናው ግን ያልጠበቀውን ሆነበት። አብዛኛው ሠራተኛ ዐይንህን ጨፍን ሲባል ያንጎላጃል፤ እሱ አመነ። የጠርሙስ ክዳን መዳፉ ላይ አድርጎ ቅዝቃዜው እስኪለቅ ተከታተለ፣ ትንፋሹን ሲገባና ሲወጣ ሸኘ፣ ከዚያ ወደ መብራቱ ሲመለስ ራሱን መያዝ ጀመረ። ይኸው ሄድኩ። ይኸው ደግሞ ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ነኝ። አሁን ደግሞ ያልከፈልኩት ስልክ ላይ ነኝ፣ አሁን ደግሞ አባቴ ቀብር ላይ፣ ያልነበርኩበት ቀብር ላይ ነኝ። ፊት ያልሄደ መስሎት የነበረው መሄዱን ስላላወቀ ነው፤ የሄደ ሰው መሄዱን የሚያውቀው ሲመለስ ብቻ ነውና። ይህ አስደነገጠው፣ ቀጥሎም ደስ አሰኘው፤ በሄደ ቁጥር እንደ ጠፋ ጥጃ ራሱን እየመራ ወደ ጠርሙሱ ይመልሳል። ስልጠናው አልቆ ያው መጠይቅ ሲመጣ ያቺ ሴት ውለታ ውላልኛለችና አልዋሻትም አለ። "እጄ ሲሠራ ልቤ አብሮት ነው።" አልፎ አልፎ። ኅዳጉ ላይ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በዚያ በተሰባበረ ቋንቋው "ሐሳቤ ይሄዳል፣ አሁን ግን መሄዱን አውቃለሁ፣ ይመለሳል" ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ነገሩን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ጭምቱም በየቀትሩ ሲያገላብጠው ነው የሚውለው። ድንች የሚመዘነው በሚዛን ነው፤ ድንቹን ራሱን ስንት ኪሎ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀልብን ግን የሚመዝነው ያው ባለቀልቡ ነው። ቀልበ ቢሱ ቀልብ እንደሌለው በምን ቀልቡ ያውቃል? ንቁ ነኝ ብሎ ከፍተኛውን ሳጥን ይመርጣል፣ በሰላም ይተኛል። መንቃት የጀመረው ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳንቀላፋ ይታየውና ዝቅተኛውን ይመርጣል። ወረቀቱ ላይ የነቃው የተኛ፣ የተኛው የነቃ ይሆናል። ወይስ ይህ ሁሉ ራሱን የሚያጽናናበት ነው? ፊት፣ መሄዱን በማያውቅበት ጊዜ፣ ያሳለፈው ጉድፍ ኖሮ ይሆን? ይህን አያውቅም፣ ማወቂያም የለውም፤ ለዚህ ነው ሲጠሩት አፉን ያልከፈተው።

ጠሩት። ተቆጣጣሪው አለ፣ አሰልጣኟ አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ግራፍ ተዘርግቷል፤ የሁሉም ሠራተኛ መስመር እንደ ቡቃያ ወደ ላይ ያድጋል፣ አንድ መስመር ብቻ ከጣሪያ ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ የእሱ የደረት ካርድ ቁጥር አለ። ስም የለበትም፣ እውነት ነው። ተቆጣጣሪው ቅጣት አይደለም አለ፣ ላንተው ጤና ነው አለ፣ ካርቶን ማጠፍ ሐሳብ አይጠይቅም አለ። አሰልጣኟ በኀዘኔታ ታየዋለች። የያዛችሁት የመጀመሪያው መልሴ ሰላምታ ነው፣ እንዴት ነህ ስትሉኝ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ይህን በምን ቋንቋ ይናገረዋል? ከእነሱ አገር ሰው ለወረቀት ሰላምታ ይመልሳል? "እሺ" አለ።

ዕለቱን አውቶቡስ ውስጥ ከአጅሬ ጎን ተቀምጧል፣ አጅሬ የፈረቃ አለቃ መሆኑን የነገሩት በዚያው ቀን ነው፣ ደስታውን ለመደበቅ ጉንጩን ከውስጥ እየነከሰ።

"አንተ ምን ብለህ ነበር የሞላኸው?"

"መጀመሪያ?" አለ አጅሬ። "መጀመሪያማ ቀልብ የሚባል ያልፈጠረብኝ ምስኪን ሆንኩ። በኋላ ደግሞ ሊቅ። ሰዎቹ ደክመዋል እኮ፣ መድኃኒታቸው ሠራ መባል አለበት። ሐኪም ዘንድ ደህና ነኝ ብለህ ገብተህ ታምመህ ትወጣለህ እንዴ?"

"ለኔ ግን ሰላምታ ነው አልከኝ።"

"ላንተ ሰላምታ ነዋ።"

"ለምን ለኔ?"

አጅሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "የሚፈለገው አንድ አለቃ ነው። ሁለታችን አንድ ዓይነት ብንመልስ ማንን ይመርጣሉ? ከፍ ብለህ ጀምረህ ከፍ ብለህ ትጨርሳለህ፣ እዚያው መብራትህ ጋ ትቆያለህ ብዬ ነው። ሁለተኛውን እንዲያ ታበላሸዋለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። ማን እውነቱን ጻፍ አለህ?"

ይህን እንኳ ዋጠው። መብራቱን ወሰደብኝ አላለም፣ ወረቀት ነው የወሰደብኝ ብሎ ለራሱ ነገረ፣ ካርቶን አጠፈ፣ ከአጅሬ ጋር በአንድ ድስት በላ። እዚህ ያለው በደል እዚህ ይቀራል ብሎ ነው። ቤት ድረስ ይሄዳል አላለም። አሁን ሲያስበው ግን እንዴት እንደሄደ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ አጅሬ ለገዛ እናቱ ደውሎ አለቃ ሆንኩ ይላል፣ እልል ትላለች፣ ከዚያ የጎረቤት ነገር፣ "ጭምቱስ?" ትላለች፣ "ለምን አብሮህ አልተሾመም?" አጅሬም አንድ ነገር ማለት አለበት።

ስልኩ ትራሱ ሥር ተንቀጠቀጠ። ቤት ነው።

የእናቱን ስልክ የሚይዘው የአጅሬ እናት እጅ ነው፤ እናቱ ቁልፎቹን አታያቸውም፣ ስለዚህ እሷ፣ ጭምቱ እትዬ የሚላት፣ ደውላ፣ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታ፣ በሁለቱ መካከል ታስቀምጠዋለች። ለእናቱ የተባለ ሁሉ ለእትዬም ነው።

"እንዴት ነህ አባቴ? ደህና ነህ? ሰላም ነህ?"

"ደህና ነኝ እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዐይንሽስ?"

"ምን ይሆናል፣ እትዬህ አለችልኝ። ጠዋትም ማታም ጠብታዬን ጠብ ታደርግልኛለች፣ ራሴ ላድርገው ስል ጉንጬን አጠጣዋለሁ።"

"ኧረ ምን አደረግኩና" አለች እትዬ ከጎን፤ ከዚያ በሹክሹክታ፣ ስልክ ሹክሹክታን አብልጦ እንደሚያሰማ ሳታውቅ፣ "ቀኑን ጠይቂው። ቀኑን።"

"ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ልጄ? ጠፋብኝ።"

"ማክሰኞ" አለ።

ካፉ እንደወጣ ስሕተቱን አወቀው፤ ለሌሊት ሠራተኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ አይደለም፣ ተኝቶ ሲነሣ ነው፣ ትናንት ማታ ሥራ የገባው ማክሰኞ ነው፣ አልተኛም፣ ስለዚህ ለእሱ ማክሰኞ ገና አላለቀም፤ ቀላል ነገር ነው፣ ለሰው ቢነግሩት የሚገባ ነው፣ ግን አፉን ሳይከፍት እናቱ፣ እሷ ያጠፋች ይመስል፣ "ረቡዕ ነው፣ የኔ ጌታ" አለች፤ እትዬም ከጎን "አላልኩሽም?" አለች።

"እማዬ፣ ቀልቤ ተበትኗል ብሎ የነገረሽ ማነው?"

"ኧረ ማንም።" አለች። "ራስህ ጽፈህ ሰጥተሃቸዋል አሉ። ሰው በገዛ እጁ፣ ራሱ ላይ፣ ሐሳቤ ይሄዳል ብሎ ይጽፋል? ለባዕድ?"

"ይመለሳል ብዬም ጽፌያለሁ።"

"እሱን አልነገረንም" አለች እናቱ፣ አምልጧት።

እትዬ ስልኩን አነሣች፣ ትንፋሿ ቀረበ። "ስማኝ ልጄ፣ አትጨነቅ። የኔው ልጅ እዚያ አይደል? ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ብርድ ልብስ እንደሚያለብስህ ነግሮኛል። አንተ እንዳታፍር ብሎ ነው ዝም የሚልህ። እኔም የናትህን አደራ ጨምሬ ነው አደራ ያልኩት።"

ሌሊት ሌሊት። ሌሊት ሌሊት ጭምቱ ካርቶን ማጠፊያው ጋ ቆሞ ያነጋል፤ ይህ አልጋ ሌሊት ሰው የለበትም፣ አጅሬ ተነሥቶ ቢያለብስ የሚያለብሰው ፍራሽ ነው። ቃሉ ሁሉ ምላሱ ላይ ደረሰ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ልጅሽ አታሎኛል፣ እትዬ፤ ስለ እኔም የነገረሽ ውሸት ነው። እናቱ ጤነኛ መሆኑን ታውቃለች፣ ትተነፍሳለች። ከዚያስ? እትዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን እናት ናት፣ ልጇን አታላይ ካሉባት ቤት ነገ ጠዋት ጠብታውን ይዛ እንዴት ትገባለች? ትግባስ፣ በምን እጇ? የእብድ ቃል ነው ብትልስ፣ ቀኑን እንኳ አያውቅም ብትልስ? አጅሬ ይህንንም አስቦበት ይሆን? በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ያደገ ሰው ግድግዳው የቱ ጋ ስስ እንደሆነ ያውቃል።

"አዎ እትዬ" አለ። "በደንብ ነው የሚጠብቀኝ። ሁልጊዜ።"

"ይኸው" አለች እትዬ፣ ደስ ብሏት። እናቱ ከሩቅ ለአጅሬ ዕድሜ ለመነች። ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ፣ "እንግዲህ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ እሺ? ረቡዕ።"

"እሺ እማዬ። ረቡዕ።"

"ጎሽ።"

ብርሃኑ ከመጋረጃው ግራ ጠርዝ ወደ ቀኝ ጠርዝ እስኪሻገር ድረስ አልተኛም፣ አልተነሣም። ቁልፍ ዞረ፤ አጅሬ ነው፣ ከሥራ መመለሱ ነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ ኮቱን ሰቀለ፣ ሳያይ፣ ላለፉት ዓመታት ሁሉ እንደሚለው፣ "እንዴት ነህ?" አለ።

ደህና የምትለዋ ቃል እንደ ለመደች ዶሮ ራሷ ወደ አፉ መጣች፣ ከልጅነት ጀምሮ ሳትጠራ የምትመጣ ናት። ያዛት። በእነሱ ሰፈር ሰው ይጣላል፣ ይካሰሳል፣ ድንበር ይገፋል፣ ጠዋት ሲገናኝ ግን እንዴት አደርክ ሲሉት ይመልሳል፤ ካልመለሰ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፣ ሽማግሌ ካልገባበት አይድንም። እዚህ ሽማግሌ የለም።

"ተኝተሃል?" አለ አጅሬ ዞሮ። የጭምቱ ዐይን ክፍት ነው፣ አጅሬም ያያል። "ምነው? ሰላም አይደለም?" በነጩ ግድግዳ ፊት አለፈ፣ ወደ መስኮቱ ሄዶ በጥቁሩ መጋረጃ ፊት ቆመ፣ ጭምቱም ሳይቸኩል፣ አረፋ እንዳይሠራ፣ መጀመሪያ በነጩ ከዚያም በጥቁሩ አየው።

"ቤት ደውለው ነበር?" አለ አጅሬ። ድምፁ ቀጥኗል። ሊስቅ ሞከረ። "ደህና ነህ፣ አይደል? ደህና ነህ" አለ፣ ራሱ ሊሞላለት።

ጭምቱ ራሱን አልነቀነቀም። አጅሬ አንዱን ካልሲ አውልቆ ሌላውን እንዳደረገ የራሱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና መልሱን ይጠብቅ ጀመር።